ለሰልፍ የመጣው ከስክስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያናድደኝ ነገር በዝቷል። ባለቤቴ ‹‹ድሮም ተናዳጅ ነህ፤ አሁን ጊዜ አገኘህ እንጂ›› ትለኛለች። ይሁንላት። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ወታደርን በጣቱ የሚያሰላ ሰው ነው። ጎረቤቴ መምህር ዘነበ አንዱ ነው። ደግ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምር ስለኖረ ግን ያልተደመረ ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስደውም። በቀደም ‹‹ባሻ፣ መንግሥት አንድ ወታደር ለማሠልጠንና ለማስታጠቅ ስንት ያወጣል?›› ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት እሱው ልብሱን፣ ጫማውን፣ ኮዳውን፣ ጠመንጃውን፣ የማሠልጠኛውን ዳቦና ምስር ደመረና ‹‹ባጃጅ ቢገዛበት ይሻል ነበር›› ብሎ ሳቀ።

‹‹መምህር፣ ባጃጅ ሲበላሽ መለዋወጫ ይገኝለታል›› አልኩት።

‹‹እሺ፣ እሱንም እንደምረው። ወታደር ሲበላሽስ ስንት ይፈጃል?››

በቀልድ ነው የጠየቀው። እኔ ግን ሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ተቀይሜው አይደለም። መልሱ ሻይ ቤት ወንበር ላይ ተጀምሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። እዚህ ልጻፈው፤ እሱም ቢፈልግ ያንብበው።

ሻምበል ባሻ ቶማ እባላለሁ። ትውልዴ ጋሞ ውስጥ፣ ቦንኬ ደጋ ነው። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ያሳለፍኩት በሠራዊቱ ግምጃ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ስንቅና ትጥቅ ከሚባለው ውስጥ የኔ ድርሻ አልባሳትና ጫማ ነበር። ወታደር እንደነበርኩ ስነግራቸው ሰዎች የጦር ሜዳ ወሬ ሊሰሙ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። ስለ ካልሲ ማውራት ስጀምር መልሰው ያርቁታል። ምን ላድርግ? የማውቀው እሱን ነው።

መሠረታዊ ሥልጠናዬን እንደጨረስኩ የተመደብኩት ቆላ ውስጥ ባለ አንድ ማሠልጠኛ ግምጃ ቤት ነው። ጓደኞቼ ጠመንጃቸውን አንግተው ወደየክፍላቸው ሲሄዱ እኔ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ በጫማ ቀለምና በአዲስ ሸራ ሽታ መሀል ቀረሁ። ከፍቶኝ ነበር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሻለቃ ባሻ አየለ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማይወዱ የጎጃም ሰው ናቸው። ሰላምታ ስሰጣቸው አጸፋውን ሳይመልሱ ‹‹ጫማህን አውልቅ›› አሉኝ። የምቀጣ መስሎኝ አወለቅሁ። አንሥተው እጃቸውን እስከ አንጓቸው ከተቱና ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱ።

‹‹የቀኙ ስፌት ወደ ውስጥ ወጥቷል። ሥልጠናውን ሙሉ በዚህ ነው የሮጥክበት?››

‹‹አዎ፣ ባሻ።››

‹‹ለምን አልተናገርክም?››

‹‹ወታደር አይደለሁ እንዴ?›› አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ፊታቸው ጠቆረ። ‹‹መንግሥትን የሚያከስረው እንዲህ የሚል ሰው ነው›› አሉኝ። ከዚያ ሌላ ጫማ አምጥተው ወረወሩልኝ። ነገሩ የገባኝ ከሳቸው ጋር ስሠራ ቆይቼ ነው።

ባሻ አየለ የምልምል እግር ጠዋት አይለኩም ነበር። እግር ጠዋት ሌላ ነው፤ ቀን ሲዋልበት ያብጣል። ስለዚህ ሠልጣኞቹን ሲሮጡ ከዋሉ በኋላ፣ ወደ ማታ ላይ ነው የሚያስጠሯቸው። የሚለኩትም ቆመው፣ ያውም አሸዋ የሞላ ከረጢት ትከሻቸው ላይ ተጭኖ ነው። ‹‹ወታደር ባዶ ትከሻውን አይሄድም፤ ሸክም ሲኖርበት እግሩ ይዘረጋል›› ይላሉ። ሁለቱንም እግር ይለካሉ፤ የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው እንደሚተልቅ የሰማሁት ከሳቸው ነው። ርዝመቱን ብቻ ሳይሆን ወርዱንም ይይዛሉ። የኛ የደጋ ልጆች እግር ፊቱ ሰፊ፣ ጣቶቹ የተራራቁ ናቸው። ዳገት ሲቧጥጥ ያደገ እግር ነው። በቁጥር ብቻ ጫማ ከሰጠኸው ርዝመቱ ልክ ይሆንና ጎኑን ያንቀዋል።

ጫማውን ካስጠለቁ በኋላ ‹‹ልክ ነው?›› ብለው አይጠይቁም። ምልምል ሁሉ ‹‹ልክ ነው፣ ጌታዬ›› ነው የሚለው፤ እያነከሰም ቢሆን እንዲያ ይላል። እሳቸው የመጋዘኑን ደረጃ ያስወጡታል፣ ያስወርዱታል፣ ቁጢጥ ያስብሉታል። ከዚያ ፊቱን ትተው ጉልበቱን ያያሉ። ጫማ የቆነጠጠው ሰው ጉልበቱን አያጥፍም፤ እግሩን እንደ ዱላ እያነሣ ነው የሚሄደው። ‹‹አፍ ይፈራል፤ ጉልበት አይፈራም›› ይሉኝ ነበር።

አያያዙንም ራሳቸው ያስተምራሉ። የረጠበ ከስክስ እሳት ዳር አይቀመጥም፣ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ጥላ ውስጥ ነው የሚደርቀው። አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ጊዜ ይደረጋል፣ በማግስቱ ትንሽ ይጨመራል፣ እንዲህ እየተባለ እግርና ጫማ ይለማመዳሉ። ‹‹እንደ ሙሽሮች›› ይሉና ፈገግ ይላሉ። ያቺ ብቻ ነበረች ቀልዳቸው።

አንድ ቀን የጫማ ክምር እየለየን ሳለ፣ በሩ ላይ ወደተሰለፉት አዲስ ምልምሎች በአገጫቸው አመለከቱኝ።

‹‹ቶማ፣ ይኼ ልጅ እዚህ የመጣው ባዶ እጁን ነው። አሁን ግን የሚመግበው አለ፣ የሚያክመው አለ፣ ውሃ በቦቴ የሚያመላልስለት ሾፌር አለ፣ ተኩስ የሚያስተምረው፣ ካርታ የሚያስነብበው አለ። እነዚያንም ያሠለጠናቸው ሌላ ሰው አለ። አባቱ ደግሞ ያለ እሱ ነው የሚያርሰው፤ እሱም ይቆጠራል። ይኼ ሁሉ ወጪ ተሰብስቦ በመጨረሻ ምን ላይ እንደሚቆም ታውቃለህ?››

‹‹አላውቅም፣ ባሻ።››

‹‹እግሩ ላይ።››

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ ተዛወርኩ። በረሃም ሠራሁ፣ ውርጭም ሠራሁ። ስለ ደሞዙ የምለው የለኝም፤ ይደርሳል፣ ያልቃል። አለቆችን ግን አልረሳም። አንዱ ሳያነብ የሚፈርም ነበር፤ የዝናብ ልብስ በጠየቅንበት ወረቀት የወባ አጎበር ሲመጣልን ‹‹ፈርሜያለሁ አይደል?›› ብሎ ዝም አሰኘን። ሌላው ቆጣቢ ነበር። ብርድ ልብሱን ሁሉ ‹‹ለክፉ ቀን›› ብሎ ቆለፈበት። ሠልጣኝ በሳንባ ምች እየተያዘ ሲወድቅ ‹‹ክፉ ቀን መቼ ነው?›› ብለው ቢጠይቁት ቁልፉን አላወጣም። በመጨረሻ መጋዘኑ ሲከፈት ብርድ ልብሱን ብል በልቶታል። ለሆስፒታል መድኃኒት የወጣው ገንዘብ ስንት ብርድ ልብስ እንደሚገዛ የጠየቀው የለም። ሠራዊት የሚያከስረው ሌባ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኼን አለቃ አላየም።

በመጨረሻ ወደ አገሬ መለሱኝ። ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ፣ ለጥቂት ዙር ብቻ የተከፈተ ማሠልጠኛ ነበር። ዛሬ የለም፤ ቦታው ሙዝ ሆኗል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። አሸዋ የሞላውን ከረጢት፣ ደረጃውን፣ የከሰዓቱን ልኬት፣ ሁሉንም እንደ ባሻ አየለ አደረግሁ። አሠልጣኞቹ ‹‹ባሻ ልብስ ሰፊ ነው ወይስ ጫማ ሰፊ?›› እያሉ ቢስቁብኝም የእግር ቁስል ከክሊኒካችን ጠፍቶ ነበር።

ታምራትን ያወቅሁት እዚያ ነው። የቦንኬ ልጅ ነው፤ አባቱ የወንጌል አገልጋይ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ለመገናኛ ሥልጠና ተመረጠ። የሬዲዮ አሠልጣኙ መጀመሪያ አልወደደውም ነበር። አማርኛውን በጋሞኛ ዜማ፣ ቀስ እያለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ ነው የሚናገረው። አንዳንዴ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። በኋላ ግን ያ አነጋገሩ በሬዲዮ ሲሰማ፣ ሌላው ሠልጣኝ ሁሉ በጩኸት ሲደበላለቅ፣ የሱ ብቻ ነጥሮ የሚወጣ ሆነ። አሠልጣኙ ‹‹ይኼን ልጅ አልሰጣችሁም›› ይል ጀመር። ጆሮውም የተለየ ነበር፤ እኛ ‹ሽሽ› የሚል ድምፅ ብቻ በምንሰማበት ሬዲዮ ውስጥ እሱ ሰው ይሰማል።

እግሩ ግን አስቸገረኝ። እንዲያ ሰፊ እግር አይቼ አላውቅም። መጋዘኑን አገላብጬ ያገኘሁትን ሰፊ ከስክስ ጎኑን በእንጨት ወጥሬ ሰጠሁት። ሥልጠናውን ሙሉ በሱ ሮጠ፤ ጫማው የእግሩን ቅርጽ ያዘ። በመጋዘኑ በኩል ባለፈ ቁጥር ‹‹ሳሮ፣ ባሻ!›› ብሎ በጋሞኛ ሰላም ይለኛል። ጫማውንም አንሥቶ ያሳየኛል።

ምረቃው ሲቃረብ አዲስ ከስክስ በመኪና መጣ። የሚያብረቀርቅ፣ ውብ ጫማ ነበር። እጄን ከተትኩበት። ተረከዙ ውስጥ ካርቶን አለ፣ ስፌቱ እንደ ገመድ ወጥቷል፣ ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ነው፣ ፊቱ ደግሞ ጠባብ። ለሰልፍ ያምራል፤ ቆመው ከቀሩበት ምንም አይልም። ነገር ግን ከምረቃው በፊት የመጨረሻው የእግር ጉዞ ነበር፤ ሙሉ ትጥቅ ይዘው ከቆላው ተነሥተው ዳገቱን ወደ ዶርዜ መውጣት። ትእዛዙም ‹‹ጉዞው በአዲሱ ጫማ ይሁን›› የሚል ነበር።

የክሊኒኩ ነርስ ሃምሳ አለቃ ጽጌ ናት፤ እሷን ይዤ ወደ አዛዡ ወደ ኮሎኔሉ ገባሁ።

‹‹ጌታዬ፣ አዲሱ ለሰልፉ ይሁን። ለጉዞው አሮጌውን ያድርጉ›› አልኩ።

‹‹ዶርዜ ላይ የሚቀበሏቸው እንግዶች አሉ። በተቀዳደደ ጫማ ላሳያቸው?››

‹‹ጌታዬ›› አለች ጽጌ፣ ‹‹ያልተላመደ ጫማ በዚያ ዳገት፣ በዚህ ዝናብ እግር ይልጣል። ከላጠ በኋላ ጭቃ ይገባበታል።››

ኮሎኔሉ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ‹‹አውቃለሁ። እኔም እግረኛ ነበርኩ። ያዘዙኝ ሰዎችም ያውቃሉ።››

እስቲ አሁን ይኼ ምን ይባላል? የማያውቅ ሰው ቢሆን አስረዳው ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ነገሩ ግን ይሄዳል!

‹‹እንግዲያው አሮጌውን በኦራል ጭነን እንከተል። እግሩ የተላጠ ይቀይራል›› አልኩ።

‹‹ለአንድ ሰው ሁለት ጫማ አይፈቀድም። አዲሱን የወሰደ አሮጌውን ያስረክባል። መመሪያ ነው፣ ባሻ። ሂዱ።››

ሠልጣኞቹ አሮጌውን አስረከቡ። ታምራት የራሱን ሲሰጠኝ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። እኔ ግን ጫማዎቹን ጥንድ በጥንድ በክራቸው አሰርኩና ስንቅ ይዞ በሚከተለው ኦራል ላይ፣ ከድንችና ከጎመኑ ጆንያ ሥር ጫንኳቸው። ሾፌሩ አየኝና ሞተሩን አስነሣ። እኔም ጋቢና ገባሁ። ትእዛዝ መጣስ እንደሆነ አውቄ ነው ያደረግሁት፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ዝናቡ ገና ከሥር ጀመረ። ዳገቱን ስንጀምር መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሠልጣኞቹ በሁለት ረድፍ ጠርዝ ጠርዙን ይወጣሉ፤ እኛ በመሀል እናልፋለን። ወደ ላይ ሄደን የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ጫማውን ለማውረድ ነበር ሐሳቤ። ከአንዱ ጥምዝ በላይ ግን ጉዞውን የሚቆጣጠር አንድ መኮንን መኪናውን አቁሞ ጠበቀን። ሸራውን ገልጦ ጆንያዎቹን አነሣ።

‹‹ይኼ ምንድን ነው?››

‹‹ጫማ ነው።››

‹‹ማን ፈቀደ?››

‹‹እግራቸው›› አልኩት። ከንዴት ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

ስንቁን ወደ ሌላ መኪና አስጫነና ኦራሉ ከነጫማው ወደ ካምፕ እንዲመለስ አዘዘ። ለምኜዋለሁ። አንድ ጆንያ ብቻ አስቀርልኝ ብዬዋለሁ። የሱም መልስ ‹‹ባሻ፣ እኔንም ይጠይቁኛል›› ነበር። መኪናው ዞሮ ቁልቁል ሲወርድ የታምራት ክፍል ሽቅብ እየመጣ አገኘነው። ሬዲዮውን አዝሏል፤ አንቴናው ከራሱ በላይ ይወዛወዛል። ‹‹ሳሮ፣ ባሻ!›› አለኝ እየሳቀ። እኔ ጉልበቱን አየሁ። አያጥፍም። እግሩን እንደ ዱላ እያነሣ ነው።

በመስኮቱ ብቅ ብዬ በጋሞኛ ‹‹ታምራት፣ አሮጌ ጫማችሁን አስመለሱብኝ! ቁጭ በልና አውልቅ! ባዶ እግርህን ይሻልሃል!›› ብዬ ጮህኩ።

‹‹ሬዲዮው እኮ እኔ ጋ ነው፣ ባሻ›› አለኝ። ‹‹እኔ ከቆምኩ ሁሉም ደንቆሮ ይሆናል።››

አለፈ። እኔ ሙሉ ኦራል ጫማ ይዤ፣ ጫማ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች እየራቅሁ ወረድኩ። ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ግን በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ብዙዎቹ እያነከሱ ተመለሱ። ታምራትን በቃሬዛ አመጡት። ጫማው ከእግሩ ጋር ተጣብቆ አልወልቅ ስላለ ጽጌ በመቀስ ቆርጣ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትኩሳቱ እየጨመረ ሄደ፤ ቁስሉ መርዞ ነበር። ከተማ ሆስፒታል ገብቶ የቀኝ እግሩ ፊት፣ ከነጣቶቹ፣ ተቆረጠ። ሌሎቹ በሚያብረቀርቅ ጫማ ተሰልፈው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እሱ አልጋ ላይ ነበር። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የጫማውን ማማር ያነሡ እንደነበሩም ሰምቻለሁ።

ከዚያ ኮሚቴ መጣ። እኔ እግር ሊመረምር የመጣ መስሎኝ ለብሼ ተዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ለካ የጎደለ ንብረት ኖሯል። በመቀስ የተቆረጠው አንድ ጥንድ ከስክስ መዝገብ ላይ አልተመለሰም።

‹‹ጫማው በምን ምክንያት ከጥቅም ውጭ ሆነ?›› አለኝ ሰብሳቢው።

‹‹እግር ስለነበረበት።››

‹‹ባሻ፣ በቁም ነገር ይመልሱ። ንብረቱ መወራረድ አለበት።››

‹‹እሺ። እግሩስ በምን ይወራረድ? የሬዲዮ ሥልጠናውስ? አሠልጣኙ የደከመበት? እኔ ልመልስ ዝግጁ ነኝ፤ እናንተ ብቻ የሚሞላበትን ቅጽ ስጡኝ።››

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ኮሎኔሉ ሆስፒታል ሄደው ከታምራት አልጋ ግርጌ ለረጅም ጊዜ ቆሙ ብላ ጽጌ ነገረችኝ። በሚቀጥለው ዙር አዲስ ጫማ ምልምል በገባበት ቀን እንዲሰጥ፣ አሮጌም እንዳይነጠቅ ራሳቸው አዘዙ። ጥሩ አደረጉ። ግን ይኼን ለማዘዝ የግድ የአንድ ሰው እግር መቆረጥ ነበረበት?

ዓመታት አለፉ። ጡረታ ወጥቼ ከባለቤቴ ጋር አርባ ምንጭ ገባን። አንድ ቀን የባለቤቴን ስልክ ላሠራ ሲቀላ ገበያ አካባቢ ወዳለች ትንሽ ሱቅ ጎራ ስል፣ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ ‹‹ሳሮ፣ ባሻ!›› አለኝ። ታምራት ነው። ጢሙ ሸብቷል፤ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል፤ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዷል። ተቃቅፈን ቆየን። ስቀመጥ የጠየቅሁት የመጀመሪያ ነገር ስለ ጉዳት ጡረታው ነበር።

‹‹የለኝም›› አለኝ።

‹‹እንዴት የለህም?››

‹‹ቃለ መሐላ አልፈጸምኩማ። ሥልጠናውን ያላጠናቀቀ ነው የሚለኝ። ያላጠናቀቀ ሰው ወታደር አይደለም አሉኝ። ሁለት ሦስቴ ጠየቅሁ፣ ተውኩት።››

ደሜ ፈላ። መንግሥት ያን ሁሉ አውጥቶ የሠራውን ሰው በመጨረሻው ቀን ‹‹አላውቅህም›› አለው ማለት ነው። ‹‹ሱቅህን ዝጋ፤ እንሄዳለን›› አልኩት። ሄድን። ‹‹ሰኞ ኑ›› አሉን። ሰኞ ሄድን፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አንዱ ወደ ሌላው ይልከናል፣ ሌላው ወደ አንዱ ይመልሰናል። ሁሉም ታሪኩን ሰምቶ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ‹‹ያሳዝናል፣ ልክ ነዎት፣ አባባ›› ይላል። ልክ መሆኔን የነገረኝ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ፊርማ ቢሰጠኝ ኖሮ ጉዳዩ ባለቀ ነበር።

አንድ ጠዋት አዲስ የተመደበች ኃላፊ ዘንድ ገባን። ሻምበል ናት፤ ወጣት፣ ቁጥብ፣ ሥርዓት ያላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችን።

‹‹ባሻ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ›› አለች። ‹‹ማሠልጠኛው ተዘግቷል፤ የዚያን ዙር ሰነድ አላገኘሁም። እርስዎ ይመሰክራሉ፤ ግን እርስዎ ግምጃ ቤት ነበሩ። የመገናኛ ሥልጠናውን መጨረሱን በምን አውቃለሁ?››

‹‹ልጄ፣ የቀረው እኮ ሰልፉ ብቻ ነው! ሰልፍ ነው እንዴ ወታደር የሚያደርገው?›› ብዬ ጠረጴዛዋን መታሁ። ዘበኛው ብቅ አለ።

ታምራት ክንዴን ያዘኝ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

‹‹ሻምበል፣ እርስዎ መገናኛ ነዎት?›› አላት፤ ደረቷ ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ኖሯል።

‹‹አዎ።››

በምርኩዙ ተደግፎ ተነሣ። ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሬዲዮ ላይ እንዳለ ሰው፣ በዚያ በቀስታ አነጋገሩ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ ጀመረ።

‹‹ዋርካ፣ ዋርካ፣ ዋርካ። እዚህ ሾላ ነው። መልእክት አለኝ፣ ተቀበል።››

ሻምበሏ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። ከዚያ በእርጋታ ‹‹ሾላ፣ እዚህ ዋርካ ነው። ቀጥል›› አለችው።

ቦታውን በካርታ ቁጥር ነገራት። የአየሩን ሁኔታ ነገራት። የሰዉን ብዛት፣ የተጎዳውን፣ መራመድ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ነገራት። ቀጥሎም ‹‹የክፍሉ ብዙ ሰው እግሩ ተልጧል። አሮጌ ጫማ የጫነው ኦራል ቁልቁል ሲመለስ አይተናል። መኪናው ተመልሶ እንዲላክልን ክፍሉ ይጠይቃል። እደግመዋለሁ፣ መኪናው ይላክልን›› አለ።

እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ያን ቀን በሬዲዮ እንደጠሩን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። እኔ ካምፕ ውስጥ ከጫማዎቹ ጋር ተቀምጬ ሳለ እሱ እያነከሰ ሲጠራኝ ኖሯል።

‹‹ምን መለሱላችሁ?›› አለች ሻምበሏ፣ በተራ ድምፅ።

‹‹‹ጥያቄው አልተፈቀደም፣ ጉዞው ይቀጥል› ነው ያሉን። እኔም ለአዛዡ አስተላለፍኩ።››

ሻምበሏ ብዕሯን አንሥታ የታምራትን ስም ጻፈች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጎረቤት ቢሮ በር ሄደችና ‹‹ለወታደር ታምራት ፋይል ክፈቱ›› ብላ አዘዘች። ‹‹ለሕክምና ቦርድም ደብዳቤ ይዘጋጅ። የምስክርነቱን ቃል እኔ ራሴ እቀበላለሁ።››

ቃሏን ጠበቀች። አዲስ አበባ ድረስ ደውላ የያኔውን የሬዲዮ አሠልጣኝ ፈልጋ አገኘችው፤ እሱም ሽማግሌ ሆኖ ‹‹ያን ልጅ አልሰጥም ብዬ ነበር›› ብሎ መሰከረለት። ሆኖም ሁሉም ነገር ወዲያው ያለቀ እንዳይመስላችሁ። የሕክምና ቦርዱ የጎደለው እግር ቀኝ ሆኖ ሳለ ግራ ብሎ ጽፎ መለሰልን፤ እሱን ለማስተካከል ብቻ አንድ ክረምት አለፈ። በመጨረሻ ግን የጉዳት ጡረታው ተፈቀደለት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ብዙ ነው አልልም። ሚስቱ ‹‹ለልጆቹ ትምህርት ይበቃል›› ብላ ፈጣሪን አመሰገነች።

ታምራት በመጀመሪያው ገንዘብ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ለሱቁ አዲስ ሰሌዳ አሠራ። አጠናቆ ሲሰቅለው እንድመጣ ጠርቶኝ ሄድኩ። ጽሑፉ ‹‹ወታደር ታምራት የሬዲዮና የስልክ ጥገና›› ይላል። ሠዓሊው የረባ አልነበረም፤ ‹‹ወታደር›› የሚለውን በትልልቅ ፊደል ጽፎ የሰሌዳውን እኩሌታ ስለጨረሰው ‹‹ጥገና›› ቦታ አጥቶ ጠርዙ ላይ እንደ ጉንዳን ተጨናንቋል። ተናደድኩ። ሠዓሊው ተጠርቶ ይምጣና ያስተካክል፣ ገንዘብ እኮ ተከፍሎታል፣ አልኩ።

ታምራት አንገቱን ቀና አድርጎ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየ።

‹‹ተወው፣ ባሻ›› አለኝ። ‹‹መነበብ ያለበት ይነበባል።››